የጋሽ መፍቻ በር

ባሌን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ መፍቻ» ነው የሚለው። እኔ ደስ ሲለኝ «አንተዬ»፣ ሲከፋኝ «አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ፤ የትኛውን እንደማበዛ ጎረቤት ይመስክር። ስሙ የወጣለት የቧንቧ ሠራተኛ በነበረበት ዘመን ነው። መፍቻ ኪሱ ውስጥ ሳይሸጉጥ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ የሠርጋችን ዕለት በተነሣነው ፎቶ ላይ እንኳ ኮቱ በአንድ በኩል አብጦ ይታያል። ኋላ ሰፈሩን ወክሎ የከተማው ምክር ቤት ሲገባ መፍቻው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

የምክር ቤት አባል ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ቢሮ የለው፣ መኪና የለው፣ ጸሐፊ የለው። ቢሮው የእኔ የፊት ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የተማሪ ደንብ ልብስ የምሰፋበት ማሽኔ አለ። ከማሽኑ ትይዩ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። አንድ ክሊኒክ ሲዘጋ ዕቃውን ሲያወጣ ባሌ ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ እስከ ዛሬ ጠጋ ብለው ካሸተቱት መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ባለጉዳዩ እዚያ ላይ ተራውን ይዞ ይቀመጣል። ባሌ ከፊቱ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ሆኖ የቀኝ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ግራውን የውሃ ፓምፕ ጩኸት ከደፈነው ቆይቷል።

ጉዳዩ ማለቂያ የለውም። የመንገድ መብራት ጠፋ፣ ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና ቀረ፣ ውሃ ሄደ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አንቀበልም አሉኝ፣ ጎረቤቴ አጥሩን ወደ እኔ ገፋ። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ የባሏን ማንኮራፋት ልትከስ መጥታ ነበር። «እና ምክር ቤቱ አፍንጫውን ይያዝልሽ?» ብዬ ከማሽኔ ላይ ቀና ስል ባሌ ገላመጠኝ። እሱ ሁሉንም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን ቢደረግልሽ ደስ ይልሻል?» ይላል። ሰው እንዲህ ተብሎ ስለማያውቅ መጀመሪያ ግራ ይጋባል፣ ከዚያ ግማሹ ያለቅሳል። ሴትዮዋም «አንድ ቀን እንቅልፍ ጠግቤ ብነሣ» አለችና አለቀሰች። ባሌ በማግስቱ ሰውዬውን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ።

በራችን አይቆለፍም ነበር። ሰው ያንኳኳል፣ ባሌ «ግቡ፣ ክፍት ነው!» ይላል፣ ይገባሉ። ቁልፉ የት እንደገባ ራሱ ከረሳን ዘመን የለንም፤ ቆይቷል። ቁርስ ስንቀምስ ይንኳኳል። ገላውን ሲታጠብ ይንኳኳል። አሞት ተኝቶ «ታሟል» ስል «እሺ፣ እዚሁ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ልንገረው» ይሉኛል። እኔ በማሽኔ ድምፅ ንዴቴን እወጣ ነበር፤ ሰው ሲበዛብኝ ፔዳሉን እንደ ጉድ ነው የምረግጠው።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት ልጅ አለችን። አግብታ ትልቁ ምክር ቤት ያለበት ዋና ከተማ ትኖራለች፤ እዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ሲወለድ እኔ ብቻዬን ሄጄ አረስኳት። ባሌ «ትንሽ ነገር ጨርሼ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። ለልጁ ሰማያዊ ኮት ሰፋሁለት፣ ትንሽዬ፣ ኪሶቿ ጣት የማያስገቡ። ሻንጣ አዘጋጀን። ልንሄድ ስንል ተንኳኳ፤ ከመንገዱ ሥር ዋናው የውሃ መስመር ፈንድቶ የጥግ ቤቷ ሴትዮ ግቢ ጎርፍ ሆኗል። ሌላ ጊዜ እንደገና አዘጋጀን፤ በሩ ላይ ሻንጣ እንደያዝን ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ መጣ፤ ሱቁን ሊያፈርሱበት ነው። ባሌ ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረና ኮቱን እያስተካከለ ሄደ። ሻንጣውን አልጋ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ልጁ አያቱን የሚያውቀው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ባሌ በደንቆሮው ጆሮ እየያዘው «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ነው የሚሰማው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የፓርቲው ሰዎች መጥተው «ለትልቁ ምክር ቤት ተወዳደር» ያሉት። ባሌ እጁን አወዛወዘ። «እኔን የቧንቧ ሠራተኛ? ተዉኝ እባካችሁ» አለ። እነሱ ሲወጡ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ወገቡ ይዞት መስሎኝ ማሽኔን አቆምኩ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ሰው ታከተኝ» አለ።

እኔ ይቺን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅኳት። በርጩማዋን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ስማኝ አንተዬ፤ እዚያ ከገባህ ጉዳይ የሚሰማው ቢሮ ነው። ጸሐፊ አለ። በር የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ማታ ቤትህ ስትገባ በሩ ይዘጋል። የልጅ ልጅህ ደግሞ እዚያው ከተማ ነው» አልኩት። ጫማውን አየው። «በሩ ይዘጋል?» አለኝ። «ጥርቅም ብሎ ይዘጋል» አልኩት። ሳቀ። በነጋታው ለፓርቲው ሰዎች እሺ አላቸው።

ደንቡ ለላይኛው የሚወዳደር ሰው የታችኛውን ወንበር አስቀድሞ ይልቀቅ ይላል። ባሌም ለቀቀ። ለቀቀ እንጂ፣ ወግ ነው! በማግስቱ ጠዋት ሲንኳኳ «ግቡ፣ ክፍት ነው!» አለ። ሰው ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ባሌም በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጆሮውን አዘነበለ። «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ ሥራህ አይደለም፤ ንገራቸው» ስለው «በእንግድነት መጥተው እንዴት ልመልሳቸው» ይለኛል። መልቀቁን ስብሰባ ላይ አንዴ ተናግሮት ነበር፤ እሱም በረድፍ ከሚነበብ ብዙ ነገር መካከል ስለሆነ ማን ልብ ይለዋል? ሰው የሚያየው በሩን ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ጋሽ መፍቻ በርጩማው ላይ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩም አለ።

የተቀናቃኙ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ባለ ሲሚንቶው እንለዋለን፤ የሲሚንቶ መደብር አለው። ሰውን አያስገባ አያስወጣ፣ ከመደብሩ በር ላይ ቆሞ መንገደኛውን በስድብ ሲሞልጭ የሚውል ነው። በቅስቀሳው ግን ምላሱ ቅቤ ሆነ። ድልድይ፣ ሆስፒታል፣ ስታዲየም፣ ያላለው የለም። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሁለቱም በተናገሩ ዕለት አስታውሳለሁ፤ ያ ጨርሶ ሲወርድ ባሌ ወጣና ማይክሮፎኑን እንደ ቧንቧ ጫፍ አንገቱን ይዞ ዞር ዞር አደረገው።

«እኔ ውሸት አልችልበትም» አለ። «ብትመርጡኝ እዚህ አልኖርም። የማየው ሕግ ነው። ውሃ ሲሄድባችሁ እኔ ቤት መምጣት አይቻልም፤ ቤቱም አይኖርም። አልፎ አልፎ እየመጣሁ አያችኋለሁ። ሕጉን ግን ለእናንተ በሚሆን መንገድ እሠራዋለሁ።»

እኔ ከኋላ ተቀምጬ «በስማም፣ እንዲህም ብሎ ቅስቀሳ አለ!» አልኩ በሆዴ። የጥግ ቤቷ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዐይኗ ዕንባ ሞልቷል። በንግግሩ የተነካች መስሎኝ ፈገግ አልኩላት።

ከዚያ በየሰፈሩ መዞር ሆነ። እኔም አብሬው ዞርኩ፤ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ እስኪለኝ። በማያውቁን ሰፈሮች ሰው በር ከፍቶ «ማን ነህ?» ይላል፣ ባሌ ይናገራል፣ ያዳምጡታል። አንዳንዱ ውሃ ይሰጠናል። ወደ ገዛ ሰፈራችን ስንመለስ ግን መንገዱ አላሳልፍ ይለናል። ያቅፉታል፣ ይስሙታል፣ «አይዞህ ጋሼ» ይሉታል፣ ከዚያ ክንዱን ይዘው ወደ ተበላሸ ቧንቧቸው ይወስዱታል። የእሱ ፎቶ ያለበት ወረቀት የፀጉር ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ዝናብ መትቶት አንድ ጉንጩ ተሸብሽቦ ነበር። «የልብህን ገለጠልህ» አልኩት፤ በጣም ስለደከመው መሳቅ እንኳ አልቻለም።

የምርጫው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ወጣ። እኔን ሲያገኙ አንገቴን አቅፈው ይስሙኛል። እኔም ልቤ ሞቆ፣ ከልጄ ቤት መስኮት ላይ የምሰቅለውን መጋረጃ በዐይነ ሕሊናዬ እየለካሁ ድምፄን ሰጥቼ ተመለስኩ።

ውጤቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ባሌ መነጽሩን አወጣ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። የማያውቁን ሰፈሮች ጥሩ ድምፅ ሰጥተውታል። የተሸነፈው በገዛ ሰፈሩ ነው። ያውም ትንሽ አይደለም፤ ድምጥማጡ ነው የጠፋው። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንሂድ፣ እግሬን አሞኛል» አለኝ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሁሉ ፈገግ እያለ ሰላም አለን። ባሌም ለሁሉም ባርኔጣውን ብድግ አደረገ። እኔ ለማንም አንገቴን አላዞርኩም።

በማግስቱ በማለዳ ተንኳኳ። ባሌ «ግቡ፣ ክፍት ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ከእግሩ ጣት የሚወጣ ይመስል ነበር። ፀጉር አስተካካዩና የጥግ ቤቷ ሴትዮ ናቸው፤ ከኋላቸው ደጁ ላይ ሌላ ሰው አለ። ፊታቸው ፈክቷል። ሴትዮዋ ትልቅ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«ጋሼ፣ እንዳይከፋህ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አግዳሚው ላይ ገና ሳይቀመጥ። «እኛ ነን። ሰፈሩ ተማክሮ ነው። አንተ ከሄድክ ማን አለን? ራስህ እኮ ነህ ‹አልኖርም› ያልከው!»

«ደንግጠን ሞትን እኮ» አለች ሴትዮዋ። «ያን ባለ ሲሚንቶ እንላከው አልን። ያ ሄደ ቀረ ምን ይጎድልብናል? ባይሆን መንገዱን ሳንሰደብ እናልፋለን። አንተ ግን ቅርልን። አንተ የእኛ ነህ።»

ባሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። የቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ ነበር፤ በደንብ ሰምቷቸዋል።

«እኔ እኮ ወንበሩን ለቅቄያለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«የቱን ወንበር?»

«የሰፈሩን። ልወዳደር ስል ለቀቅሁት። ነግሬያችሁ ነበር። አሁን እዚያም የለሁ፣ እዚህም የለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ባሌ ጠጋ አለ። «እና ባለፈው ሳምንት ለእኔ መብራት ኃይል የሄድክልኝ...?»

«እንዲያው ነው የሄድኩት።»

እዚህ ላይ እኔ አልቻልኩም። ሳልፈልገው አፌ ተከፈተ። «እናንተ ሰዎች!» አልኩ ከማሽኔ ላይ ተነሥቼ። «ስንት ዓመት ሙሉ ባሌን በላችሁት! ቁርሱን አላስቀመሳችሁት፣ ገላውን አላስታጠባችሁት፣ የልጁን ልጅ ዐይን አላሳያችሁት! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አርፋለሁ ሲል እጅና እግሩን አስራችሁ አስቀራችሁት! ወዳችሁት ነው አሉ! እንዲህ ከምትወዱት ብትጠሉት ምን ነበረበት!»

ሴትዮዋ ዳቦውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። የቀሩትም እግራቸውን እየጎተቱ ተከተሏት። ባሌ «ለምን እንዲህ አልሻቸው?» አለኝ። ቁጣም አልነበረውም። ዳቦውን ማናችንም ሳንነካው ደረቀ።

ባዶውን የሰፈር ወንበር አንድ ወጣት ያዘው። ጥሩ ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ከፈተ፣ በሩ ላይ የሥራ ሰዓት ለጠፈ፣ ስልኩንም ጻፈበት። ሰው መጀመሪያ እኔን ፈርቶ ከደጃችን ራቀ። ቀጥሎ አፍሮ ራቀ። ኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ መሄድ ስለቀለለው ነው።

በራችን መንኳኳት አቆመ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እኔ ከደስታዬ ብዛት ሻይዬን እስከ አተላው በሙቀቱ ጠጣሁ። «እፎይ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ባሌም «እፎይ» አለ። አንድ ቀን መሳቢያውን ሲበረብር ከመፍቻው ሥር የበሩን ቁልፍ አገኘው። ዝጉን በዘይት አራገፈ፣ ጓጉንቸሩን ፈትቶ ጠረገ፣ መልሶ ገጠመና ቆለፈው። «ይኸው፣ ጥርቅም ብሎ ተዘጋልሽ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ግን ባሌ ማርጀት ጀመረ። የጃኬቱን ቁልፍ መቆለፍ ይረሳል። ጢሙን ሳይላጭ ይውላል። አግዳሚው ላይ፣ በባለጉዳይ ቦታ፣ ብቻውን ተቀምጦ መንገዱን ያያል። በመስኮቱ ኮቴ ባለፈ ቁጥር ደህናው ጆሮው ይቆማል፤ ኮቴው ሲርቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የጥግ ቤቷ ሴትዮ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወደ ወጣቱ ቢሮ ስትሄድ አየናት። «የዋናው መክፈቻ ጎማ ነው ያለቀው» አለ ለራሱ። የማሽኔም ድምፅ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲጮህ እንግዳ ሆነብኝ።

«ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ልጃችን ጋ እንሂድ» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለ። «ለጎረቤቶቿ ‹አባቴ ትልቁ ምክር ቤት ይገባል› ብላ ነበር። ተሸንፎ መጣ ልባል? ትንሽ ይቆይ።»

ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ ሲል ብርዱ ገባ። ልጄ ስትደውል «መቼ ነው እማ?» ትለኛለች፣ እኔም «አባትሽ ትንሽ ነገር ይጨርስ» እላለሁ። የሚጨርሰው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፋሁትን የደንብ ልብስ ትምህርት ቤት አስረክቤ፣ አዲስ ጨርቅ በሁለት እጄ ታቅፌ ተመለስኩ። በልማዴ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም፤ መቆለፉን ረስቼው ነው። እጄ ስለማይበቃ በእግሬ ጫፍ አንኳኳሁ።

ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። በርጩማዋ ናት። ከዚያ የነጠላ ጫማ ሩጫ ሰማሁ፤ ባሌ እንዲያ ሲሮጥ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። «መጣሁ! መጣሁ! አንድ ጊዜ!» ይላል። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ተንጓጓ፣ ቶሎ አልዞርለት አለ። በሩ ሲከፈት ጃኬቱን ለብሷል፤ አንደኛውን ቁልፍ በሌላው ቀዳዳ አስገብቶታል። ሳያየኝ ነው «ግቡ፣ ግቡ፣ እንደምን ዋላችሁ» ያለው።

ከዚያ አየኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

ያንን ፊት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ወረቀቱን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያነብ እንኳ እንዲህ አልሆነም። የልጅ ልጃችን አያቱን የናፈቀውን ያህል እኔም ባሌን ናፍቄ ኖሬያለሁ፤ ሰው ወስዶብኛል ስል ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ትቶት ሄዷል፣ እሱ ግን አሁንም ለእኔ አልተመለሰልኝም።

ጨርቁን ማሽኑ ላይ አላስቀመጥኩም። ታቅፌው ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እዚያ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

«ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። የምቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። የወደቀችውን በርጩማ አነሣ፣ ከፊቴ ተቀመጠ፣ ቀኝ ጆሮውን አዘነበለ።

«እሺ» አለ። «ተናገሪ።»

«ባል አለኝ» አልኩት። «ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። ተራዬ ይደርሳል ብዬ እዚያ ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ ቀደመኝ። አሁን ከእኔ በቀር የተሰለፈ የለም።»

ጎንበስ ብሎ እጆቹን ተመለከተ። ከዚያ ለሁሉም እንደሚለው፣ ከዚያው ከለመደው ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ «ምን ቢደረግልሽ ደስ ይልሻል?» አለኝ።

እኔ ሰውን «ምን ያስለቅሰዋል» እያልኩ ስታዘብ የኖርኩ ሴትዮ፣ አለቀስኩ።

«ተሸንፎ መጣ ይበሉ» አልኩት። «የልጅ ልጅህ ይይህ።»

በሩን አየ። ክፍቱን ትቶት ነበር፤ ደጅ ማንም የለም። ጃኬቱን ፈትቶ ቁልፎቹን በየቦታቸው እያስገባ «ሻንጣው የት ነው ያለው?» አለ።

«አልጋ ሥር» አልኩት።

ጎትቶ አወጣውና ከፈተው። ሁሉ ነገር እንዳጣጠፍኩት ነው። ከላይ ሰማያዊዋ ኮት አለች። በሁለት ጣቱ አንሥቶ በብርሃኑ በኩል ዘረጋት።

«ይቺ አሁን ትበቃዋለች?» አለኝ።

«አትበቃውም» አልኩት። «አምጣት፣ እጅጌዋ ላይ ጨርቅ ልቀጥልበት» ብዬ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ።